ትርፍ ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ ሽንት ቤት መሄድ ለፈሩት

አይያዙት። «በፊንጢጣዬ ዙሪያ የነበረው ትርፍ ቆዳ ከተቆረጠ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ሰገራ መጥቶብኝ ቁስሉ ይቀደዳል ብዬ ፈራሁ» ብለዋል። በያዙት ቁጥር ይደርቃል፤ ቁስሉን የሚያሳምመው ደግሞ ደረቁ ነው።

ሲጨርሱ በወረቀት አይሹት። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርገው 10 ወይም 15 ደቂቃ ይቀመጡበት፤ ጨውም ሆነ ዴቶል አያስፈልገውም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በስሱ እየተጫኑ ያድርቁት። ውሃ በብዛት ይጠጡ፤ እኔን የተልባ ውሃ ረድቶኛል። ጥቂት ደም ማየት የተለመደ ነው።

ማስታገሻዎ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ከሆነ ሆድ ያደርቃል፤ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ይህን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም፤ በአምስተኛው ቀን የበሩን እጀታ ጨብጬ አለቀስሁ። ደሙ አልቆም ካለ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ ሽንት እምቢ ካለዎት ዛሬውኑ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።