ቮልሱን ቅዳሜ አታስነሳው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አባትህ የተዉልህ ቮልስ ጋራዥ ውስጥ ከቆመ 14 ዓመት ሆኖታል። አዲስ ባትሪ ገዝተሃል። ቅዳሜ ወንድምህ ሲመጣ ልታስነሱት ነው። "ከዚያ በፊት ምን ልይ?" ነው ያልከው። ካንዴላና ዘይት ቀይር ያሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም። እኔም ካንዴላውንም ዘይቱንም ቀይሬ ነበር። ሞተሬን ያጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የእኔው በፈረንጆች የ1968 ሞዴል፣ 1300 የሚባለው ሞተር ያለው ነው። የአጎቴ ነበር። 17 ዓመት ሸራ ለብሶ ቆሞ ነው የተረከብኩት። የአንተም ከዚህ ብዙ አይለይም ብዬ ነው የምጽፍልህ። ስለ ካርቡሬተር እጥበትና ስለ ባትሪ አገጣጠም አልነግርህም፣ እሱን ታውቀዋለህ።

1. ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ከማዞርህ በፊት በእጅህ አዙረው። አራቱንም ካንዴላ ፍታ። በየቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ ጠብ አድርግና ተወው። ከዚያ ታችኛው ፑሌጃ (ቺንጋው፣ ማለት ቀበቶው የሚዞርበት ክብ ብረት) ላይ 30 ቁጥር ቁልፍ አስገባና ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለህ ሞክር። እምቢ ካለ አትታገለው። ፋሻው፣ ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይሆናል፣ በጉልበት ካዞርከው ይሰበራል። የእኔ 9 ቀን ፈጅቷል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ዘይት ጨምሬ፣ ቁልፉን ነካ አድርጌ እሄድ ነበር። በ9ኛው ቀን ቁልፉ የጣት ወርድ ያህል ተንቀሳቀሰ። የዚያን ቀን ሥራ ላይ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ጋ ነበር። ማታ ስመለስ ሙሉ ዙር ዞረ።

2. ቤንዚኑ። 14 ዓመት የከረመው ቤንዚን ቤንዚንነቱን ትቷል። ክዳኑን ከፍተህ አሽትተው፣ ቀለም ቀለም ይላል። በላዩ ላይ አዲስ ብትጨምርበት የታንከሩን ዝገትና ዝቃጭ ሁሉ ጠርጎ ካርቡሬተር ውስጥ ይከተዋል። ታንከሩ ከፊት ኮፋኖ ስር ነው፣ የያዙት 4 ብሎኖች ናቸው። አውርደህ እጠበው። የጎማ ቱቦዎቹን ደግሞ አንድ ሳታስቀር ቀይር። ታንከሩ ስር ያለችውን፣ ሞተሩ ጋ ያሉትን፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በላይ የተደበቀችውንም። ከላይ ክር የለበሰ ቱቦ ደህና ይመስላል፣ እጥፍ ስታደርገው ግን ይሰነጠቃል። የሚያልፈው ደግሞ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ከስፒንተሮጀኖው አጠገብ ነው። ብዙ ቮልስ በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ ቀርቷል። እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ሳይኖር ነዳጅ አትጨምር።

3. የቬንትሌተሩን ላሜራ አውርድ።

ከሁሉም በላይ እንድትሰማኝ የምፈልገው ይህን ነው። ቮልስ ውሃ የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ከዲናሞው ጋር አብሮ የሚዞረው ቬንትሌተር አየሩን ይስባል። ከላይ የተገጠመው ትልቁ ላሜራ ደግሞ አየሩን ሰብስቦ ወደ ሲሊንደሮቹ ክንፎች ይነዳዋል። ላሜራው ውስጥ ምን እንዳለ ከውጭ አይታይም። ሙቀቱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ጌጅም የለውም። ጨለማ፣ ደረቅ፣ ከድመት የተከለለ ቦታ ነው። ቆሞ የከረመ ቮልስ ውስጥ አይጥ ጎጆ የምትሠራው እዚያ ነው።

እኔ ላሜራውን አላወረድኩም። በደንብ ለማውረድ ሞተሩን ጨርሶ ማውረድ ይሻላል ሲሉኝ ፈራሁ። ሞተር ማውረድ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ አይሞከርም ብዬ አሰብኩ። በባትሪ መብራት ከላይ አየሁት። ቬንትሌተሩ በእጄ ሲዞር ጊዜ በቃ ደህና ነው አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ጊዜ አሳልና ተነሳ። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ያውቀዋል። እናቴ ከቤት ወጥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። አጎቴ በሕይወት እያለ ሲመጣ በዚያ ድምፅ ነበር የምናውቀው። እንባዬ መጣ። በዚያ መሃል የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሸተተኝ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ያረፈ አቧራ ይሆናል፣ ተቃጥሎ ይጠፋል አልኩ። እውነትም ከ10 ደቂቃ በኋላ ሽታው ቀነሰ።

እሁድ ይዤው ወጣሁ። አቀበት ላይ ጉልበት አጣ። ማርሽ ቀነስኩና ነዳጅ ረገጥኩ። የዚያን ጊዜ ዳር ይዤ ባጠፋው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። ከኋላዬ ብረት በመዶሻ የመቱት የሚመስል ድምፅ መጣ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዝም አለ።

በገመድ ተጎትቶ ቤት ገባ። በሳምንቱ ሞተሩን ለማውረድ ጓደኛዬን ጠራሁት። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። የፈራሁት ሥራ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት 4 ብሎኖች ናቸው። የነዳጅ ቱቦውን፣ የፔዳሉን ገመድ፣ የማሞቂያ ገመዶቹንና ጥቂት ሽቦዎችን ትነቅላለህ። ጥሩ ክሪክ ከስር አድርገህ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ታወርዱታላችሁ። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ ብቻህን አትሞክረው።

ላሜራውን ሳነሳ፣ ከኋላ ቆመህ ስታየው በግራ በኩል፣ 3 ቁጥርና 4 ቁጥር ሲሊንደር ላይ የትራስ ያህል ጎጆ ተኝቷል። የወንበሩ ሙሌት ፀጉር፣ የጣሪያው ጨርቅ ብጣሽ፣ የጋዜጣ ቁራጭ። አንዱ ቁራጭ ላይ ፊደሉ እንኳ ይነበባል። ከስር ያለው ፀጉር ተጠብሶ በክንፎቹ መሃል እንደ ሬንጅ ገብቷል። በካቻቢቴ እየፋቅኩ ነው ያወጣሁት። 3 ቁጥር ሲሊንደር በዚያ ዘመን ሞዴል ደህናው መኪና ላይም ቢሆን ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። የዘይት ማቀዝቀዣው ከላዩ ተቀምጦ አየሩን ይሻማዋል። በእኔ መኪና ደግሞ ጨርሶ አየር አላገኘም። የጭስ ማውጫ ቫልቩ ራስ ተቆርጦ ወድቆ ፒስቶኑን አደቀቀው። የተሰበረው ቢዬላ፣ ማለት ፒስቶኑን የያዘው ዘንግ፣ የሞተሩን ገላ በስቶ ወጣ። ቀዳዳው አውራ ጣቴን ያስገባል።

በእጅ በ10 ደቂቃ የሚወጣ ጎጆ ነበር።

4. ቁጥሮችህን ፎቶ አንሳ። ይህኛው የመኪና ሥራ አይመስልህም ይሆናል፣ እኔን ግን ከሞተሩ ባልተናነሰ ያቃጠለኝ እሱ ነው። የሞተር ቁጥሩ የሚመታው ገላው ላይ፣ ከዲናሞው መቀመጫ በታች ነው። ገላው ስለተበሳ ያገለገለ ሌላ ገላ ከአንድ ሰው ገዛሁ። የድሮውን ለብረት ገዢ በኪሎ ሰጠሁት። ቦታ ይዞብኛል ብዬ ነው። ቁጥሩም አብሮ ሄደ።

ሞተሩን ገጣጥሜ ጨርሼ ምርመራ ወሰድኩት። ሊብሬው ላይ ያለውና ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኝም ተባልኩ። ወደ ቢሮ ተላክሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ይሄ ሞተር የማነው?" አለ።

"የገዛሁት ነው።"

"ደረሰኝ?"

ከግለሰብ ስለገዛሁ ደረሰኝ የለኝም አልኩት።

"የድሮውስ የት አለ?"

ሸጥኩት ስል ያኔ ቀና አለ። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ "እንግዲህ ሰርቀህም ይሆናል፣ እኔ በምን ልወቅ?" አለኝ። በሕይወቴ የሰው ብሎን ነክቼ አላውቅም። 7 ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ፋይሉ የለም ይላሉ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ያመጣሁት ወረቀት የቀን ስህተት አለበት ተብሎ ተመለሰ። ቀኑን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ፋይል ክፍል ያሉ አንዲት እናት አዘኑልኝ። ወንበር ሰጥተውኝ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። ሻጩን ለምኜ ይዤው ሄድኩ፣ ፈረመ፣ አለቀ። መጀመሪያውኑ ያንን ዝርዝር የሰጠኝ ቢኖር ሁለት ቀን ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሊብሬውን አውጣ። የሻሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ስር፣ መሃሉ ላይ ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። ሁለቱንም ቁጥር ጠርገህ ፎቶ አንሳና ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ካልተገናኘ አንድ ሳንቲም ከማውጣትህ በፊት እሱን ጨርስ። የምትቀይረው ገላ ካለም የድሮውን ጉዳዩ እስኪያልቅ ከቤትህ እንዳታወጣው። ሻጩንም ቁጥሩን ጠቅሶ አስፈርመው።

ወንበሩን ካነሳህ አይቀር ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል በካቻቢቴ ነካ ነካ አድርገው። የባትሪ አሲድ ስለሚበላው ብዙ ጊዜ ተበልቶ ነው የሚገኘው። ባትሪውን ሳትሸፍን ወንበሩን አትመልስ። ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፎች ይነካና እሳት ይነሳል፣ ፀጉሩ ደግሞ ቶሎ ይያያዛል።

ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፣ የቀረውን እንዲሁ ልንገርህ። ፍሬኑ እንዲይዝ ሳታደርግ ከጋራዥ አትውጣ። የድሮውን የፍሬን ዘይት እንዳለ አፍስሰው፣ ውሃ ስቦ ቧንቧውን ከውስጥ አዝጎታል። ተጣጣፊ የጎማ ቱቦዎቹ ከውስጥ አብጠው ይደፈናሉ። ስትረግጥ ይይዛል፣ ስትለቅ ግን አይለቅም። እነሱን ቀይር፣ በየጎማው ያሉትን የፍሬን ሲሊንደሮች ፈትተህ እይ። ጎማውን ጥርሱን አይተህ ደህና ነው አትበል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብብ፣ 2309 ካለ በፈረንጆች 2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህን ያህል የቆየ ጎማ ላይ ቤተሰብ አትጫን። መኪናው ስር ስትገባ በክሪክ ብቻ አትመን፣ መቆሚያ አድርግለት። ስታስነሳውም የጋራዡ በር ወለል ብሎ ይከፈት። ጭሱ ዝም ብሎ ይገድላል።

መለዋወጫ ይጠፋል ብለህ አትስጋ። ይህ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው በፈረንጆች 2003፣ ሜክሲኮ፣ ፑብላ ላይ ነው። ዛሬም ድረስ ዕቃ ይሠራለታል።

ሁለተኛውን ሞተር ከጓደኛዬ ጋር ራሳችን ነው የገጠምነው። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ በደንብ በቀዘቀዘበት 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልኩ። የፑንቲናውን (ስፒንተሮጀኖው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን) ክፍተት 0.4። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው። ፊልትሮ የለውም፣ ወንፊት ነው ያለው። ስለዚህ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ፣ ወንፊቱንም አጥባለሁ። ቺንጋውን በየሳምንቱ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አያለሁ። የዲናሞው ቀይ መብራት በርቶ ከቀረ እዚያው አቆማለሁ። ቺንጋው ከተበጠሰ ቬንትሌተሩም ቆሟል ማለት ነው። ቺንጋ እስክቀይር ድረስ 100 ሜትር እንኳ አልነዳውም።

ይኸው 6 ዓመት ሆነው። ያንኑ አቀበት ሳምንት በሳምንት እወጣዋለሁ፣ በ3ኛ ማርሽ፣ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ። መኪና የሚጠግኑ ሰዎች መጥተው ላሜራውን ማን እንዲህ አድርጎ ገጠመው ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ነኝ ብያለሁ።

ቅዳሜ ወንድምህ ሲመጣ ሞተሩን አውርዱት። ባትሪውን እስካሁን ካልገጠምክ አትግጠም። የነዳጅ ቱቦውን መጀመሪያ ቆንጥጠህ ዝጋው፣ አለበለዚያ ታንከሩ ላይ ያለው እላይህ ላይ ይፈስሳል። የላይኞቹ ብሎኖች ካስቸገሩህ አንዱ ሰው ከመኪናው ስር ሆኖ ጫፉን ይያዝ። ላሜራውን ስታነሱ በግራ በኩል ያለውን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልኝ። እጠብቃለሁ።