ልጄ ጫካ ገብቼ መንገድ ልጥረግ አለችኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከሃይስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠበቅባታል። ጓደኞቿ ምግብ ባንክ ይሄዳሉ፣ እሷ ግን ተራራ ላይ የእግረኛ መንገድ ከሚጠርጉ ሰዎች ጋር ቅዳሜ ልሂድ ብላ ያዘችኝ። እኔ መጋዙን፣ እባቡን፣ መዥገሩን እፈራለሁ። አባቷ ደግሞ «ፓርኩ ሠራተኛ የለውም እንዴ፣ በነፃ የምትለፊው?» ይላታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ትሂድ። እንዲያውም አብረዋት ይውጡ።

የአባቷን ጥያቄ ላስቀድም፣ ብዙ ሰው የሚያነሳው ነውና። ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ የሚያልፈው፣ የአፓላቺያን ትሬል የሚባለው ረጅም የተራራ የእግረኛ መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ስቴቶችን አቋርጦ ከ2,190 ማይል በላይ ይሄዳል። ሐሳቡን ቤንተን ማካይ የሚባል ሰው ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገናኘው በ1937 ነው። ያኔም በብዛት የሠሩት፣ ዛሬም የሚጠብቁት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። በእናንተ አካባቢ ያለውን 240 ማይል ያህል፣ ከፔንሲልቬንያ በሜሪላንድ አድርጎ እስከ ሼናንዶዋ ፓርክ ደቡባዊ ጫፍ ድረስ፣ የሚንከባከበው በ1927 የተመሠረተው የፖቶማክ አፓላቺያን ትሬል ክለብ ነው። ፓርኮቹ ሠራተኛ አላቸው፣ ግን ይህን ሁሉ ማይል በየወቅቱ የሚያዳርስ እጅ የላቸውም። አባቷ አገር ቤት ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ከሆነ ነገሩ አይጠፋውም። ሁሉም የሚሄድበትን ሁሉም ወጥቶ ይሠራዋል።

አሁን ወደ ሥራው። መንገድ መጥረግ ሲባል ዛፍ መገንደስ ይመስለናል። ዋናው ሥራ ግን ውሃን ከመንገዱ ማስወጣት ነው! ዝናብ ቁልቁለት ላይ መውጫ ካላገኘ መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎ ይወርዳል፣ አፈሩን ይጠርጋል፣ ድንጋይና ሥር ብቻ ይተዋል። ከዚያ ተጓዡ ጭቃውን ሽሽት በጎን በኩል መርገጥ ይጀምራል፣ ሣሩ ይሞታል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ የሰፋው ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ ይታጠባል። ለዚህ ነው በመንገዱ ላይ አግድም፣ ትንሽ ሰያፍ ተደርጎ ድንጋይ ወይም ግንድ የሚቀበረው፤ ውሃው እሱን ተከትሎ ወደ ቁልቁለቱ ጎን እንዲወጣ። ጀማሪ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ይህ ነው፦ የመውጫውን አፍ የደፈነውን ቅጠልና ደለል በዶማ መዛቅ። የ15 ዓመት ልጅ በደንብ ትችለዋለች። ውጤቱም እዚያው ይታያል። ዝናብ በጣለ ማግስት ከሆነማ የታቆረው ውሃ ዓይኗ እያየ ይወርዳል።

ሌላው ሥራ ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። በአፓላቺያን ትሬል ላይ 4 ጫማ ስፋትና 8 ጫማ ከፍታ ክፍት እንዲሆን ይፈለጋል፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ሻንጣ ያዘለ ሰው ሳይነካካው እንዲያልፍ። የሚቆረጠው እጀታው ረጅም በሆነ የቅርንጫፍ መቀስ ነው። ጉቶ ሳይቀር፣ ከግንዱ አጠገብ ይቆረጣል፤ የቀረ ጉቶ ሰው ይወጋል።

ስለዚህ መጋዙን አይፍሩ። የሞተር መጋዝ በእነዚህ ፓርኮች ውስጥ የሚይዙት ሠልጥነው ሰርተፊኬት የወሰዱ ብቻ ናቸው። እባብ አለ፣ መርዘኛም አለ። የሚነድፈው ግን ሲነካ ነው። ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ሥር እጅ አይከተትም፣ አስቀድሞ በመሣሪያ ይገለበጣል። ይህን ከቤት ሳትወጣ ይንገሯት።

መዥገሩ ግን እውነት ነው፣ እሱን አልቀንስብዎትም። ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ፈዛዛ ቀለም ያለው ረጅም ሱሪ ትልበስ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ትክተት። ፐርሜትሪን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ልብስ ላይ ብቻ፣ ቀደም ብሎ ይረጫል። ለቆዳ ዲት (DEET) ያለበትን የተባይ መከላከያ ይግዙ። ማታ ገላዋን ስትታጠብ ከጉልበቷ ጀርባ፣ ብብቷን፣ ወገቧንና የፀጉሯን ሥር ትፈትሽ። ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከወጣ በላይም በሽታ የመያዝ ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ካየች ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ፖይዝን አይቪ የሚባለውን፣ ሲነካ ቆዳ የሚያሳክክ ባለ ሦስት ቅጠል ተክልም ትወቀው። ግንድ ላይ ሲወጣ ፀጉራም ገመድ ይመስላል። ቅባቱ ጓንትና የመሣሪያ እጀታ ላይ ስለሚቆይ ቶሎ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓቱ፦ ከመውጣቷ በፊት የትምህርት ቤቱን አስተባባሪ ይጠይቁ። የትኛው ድርጅት እንደሚቆጠር፣ ምን ቅጽ እንደሚሞላ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ከ18 ዓመት በታች ስለሆነች የወላጅ ፊርማም አይቀርም።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች 25 ነን፣ አሌክሳንድሪያ። ሁላችንም አንድ ቀን ብንወጣ ይቀበሉናል?

መልስ፦ ይቀበሏችኋል፣ ግን ሳትደውሉ 25 ሆናችሁ እንዳትሄዱባቸው። መሣሪያውም መሪውም በቁጥር ነው፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ደግሞ ተራርቀው መቆም አለባቸው። ስለዚህ በትንንሽ ቡድን ይከፋፍሏችኋል። በፈረንጆቹ ጁን ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ የሚውለው ብሔራዊ የትሬል ቀን በየቦታው አዲስ ሰው የሚጠራበት ስለሆነ ለመጀመሪያ ይመቻል። ጾም ከሆነ ምሳችሁን ራሳችሁ ያዙ። ቆሎና ለውዝ ጥሩ ነው፣ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል። ውሃ አታሳንሱ። በአንድ ቀን ብቻ ካልረካችሁ ክለቡ የተወሰነ ቁራጭ መንገድ ለሰው በኃላፊነት ይሰጣል፤ ሁለት ሦስታችሁ ተማክራችሁ አንዱን ብትረከቡ በጣም ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሰልችቷታል። ተራራ አትወጣም። ለእሷ የሚሆን ሥራ ይኖራል?

መልስ፦ አለ። ሲ ኤንድ ኦ ካናል የሚባለው የድሮ የጀልባ ቦይ ዳር ያለው መንገድ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ነው፣ ለጥ ያለ ሜዳ። እዚያና በየሰፈሩ ፓርክ ቆሻሻ የሚለቅሙ፣ መጤ አረም የሚነቅሉ ፈቃደኞች አሉ። በፀደይ የሚነቀል ጋርሊክ መስታርድ የሚባል አረም አለ፣ ቅጠሉ ሲታሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። የጤፍ ማሳ አርማ የምታውቅ እናት ከሆነች አሠልጣኝ አያስፈልጋትም፣ ዝቅ ማለቱ ወገቧን ካላመማት ትችለዋለች። ከነሥሩ ይነቀላል። አበባ ካወጣ ግን መሬት ላይ እንዳትጥለው ንገራት፣ ተነቅሎም ዘር ሊያፈራ ይችላል። በከረጢት ተደርጎ ነው የሚወጣው።