ማስታገሻው ራሱ ሕመም ሲሆን

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ34 ዓመት ሴት ስሆን የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ራስ ምታት የጀመረኝ በ20ዎቹ ዕድሜዬ ሲሆን፣ ያኔ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ እየመጣ በግራ በኩል ይወቅረኝ፣ ያስመልሰኝ፣ ብርሃንም ያስጠላኝ ነበር፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቼ ሳድር ግን ይለቀኛል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ጠባዩ ተለወጠ። አሁን አብዛኛውን ቀን ራሴን እንደ ጠባብ ቆብ ጨምድዶ ይዞኝ እነቃለሁ፤ የቀድሞውም በየመሃሉ ይነሳብኛል። አንድ ሐኪም ሳይነስ ነው አለኝ፣ ሌላው መነጽር አዘዘልኝ፣ በመጨረሻም ሲቲ ስካን ተነስቼ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው? ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ ሕመሙ ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል እውጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ካፌይን የተቀላቀለበትን ማስታገሻ እጨምራለሁ። በቀደም ባለቤቴ የኮቴን ኪስ ሲፈትሽ ያገኛቸውን ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሲያሳየኝ አፈርኩ። ጠንከር ያለ ማስታገሻ ካለ ይጠቁሙኝ።

ራሴን አስሬ የምውል

ውድ ጠያቂያችን፣

ባለቤትዎ የደረደሯቸው ማሸጊያዎች ሲቲ ስካኑ ያልተናገረውን የተናገሩ ይመስለኛል። ጠንከር ያለ ማስታገሻ አልጠቁምዎትም፤ የሕመምዎን ጠባይ የለወጠው የማስታገሻው መደጋገም ነው ብዬ እጠረጥራለሁና። ቀድሞውኑ ማይግሬን የሚባለው እየተመላለሰ የሚነሳ ከባድ ራስ ምታት ያለበት ሰው እንደ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ያለውን ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ከሰዓት በኋላው ክኒንዎ ያለውን ቅልቅል ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለሚበልጥ ጊዜ ሲወስድ መድኃኒቱ ራሱ የራስ ምታት መንስኤ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው ፍሬው ሳይሆን የተወሰደበት ቀን ነው። ሌሊቱን የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ሕመሙ ከእንቅልፍ ጋር አብሮ ይነቃል፤ የጠዋቱ ጭምደዳም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

«ምንም የለብሽም» መባልዎ ቅር ቢያሰኝዎት አልፈርድም። ሲቲ ስካን የሚነሳው እንደ ዕጢና የደም መፍሰስ ያሉትን ለማየት ነው፤ ማይግሬን ግን በምስል አይታይም፣ የሚለየው በሕመሙ ታሪክ ነው። ያ በ20ዎቹ ዕድሜዎ የነበረው፣ በአንድ ወገን የሚወቅርና የሚያስመልስ ሕመም ደግሞ የማይግሬን መልክ አለው። (ሳይነስ መባሉም አይገርመኝም፤ ማይግሬን አፍንጫን ሊያፍን፣ ዓይንንም ሊያስነባ ስለሚችል በሳይነስ ስም ለዓመታት የሚታከም ሰው ብዙ ነው።)

ይህን ግምቴን የሚያረጋግጠው ወይም የሚያፈርሰው ግን ደብተር ነው። የሂሳብ ሰው ስለሆኑ አይከብድዎትም፤ ለ4 ሳምንት ያህል ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የትኛው ወገን እንደሆነ፣ ከ10 ስንት እንደሚሰጡት፣ ማቅለሽለሽ መኖሩን፣ የዋጡትን ክኒን ከነሰዓቱ፣ እንቅልፍዎንና የወር አበባዎን ቀን ይመዝግቡ። ያልታመሙበትንም ቀን አይዝለሉ። የክኒኑ ረድፍ ባዶ የሆነባቸው ቀናት ከግማሽ ወር ካነሱ፣ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪም፣ ቢቻል ወደ ነርቭ ሐኪም ይሂዱ።

ሐኪሙ ማስታገሻውን እንዲያቆሙ ሊያደርግዎት ይችላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን፣ ሕመሙ ከበፊቱ ይብሳል፤ ይህን ሳያውቁ የጀመሩ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ወደ ክኒናቸው ይመለሳሉ። የሚወስዱት ቅልቅል ኮዴይን (ሰውነት ሊለምደው የሚችል ጠንካራ ማስታገሻ) ካለበት በራስዎ ድንገት አያቋርጡት። ማይግሬንን ለመከላከል በየቀኑ የሚወሰዱ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ውጤታቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እርግዝና ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከእነዚህ መካከል ለፅንስ የሚያሰጉ አሉና።

ደብተርም ቀጠሮም የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ሕመሙ በሰከንዶች ወይም በደቂቃ ውስጥ እንደ መብረቅ ከመታዎት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ወይም ራስዎን ተመትተው ከጀመረ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

«ሳይቀድመኝ ልቅደመው» ያሉት ግማሹ ልክ ነው። ማይግሬኑ በእርግጥ ሲጀምር ማስታገሻ ቶሎና በሙሉ መጠን ሲወሰድ ይሻላል፣ እየተጠራጠሩ ዘግይተው ግማሽ ፍሬ ከሚውጡት ይልቅ። ስህተቱ ሕመም ሳይኖር ለጥንቃቄ መዋጡ ነው። ሐኪም ሌላ እስካላለዎት ድረስ በሳምንት ከ2 ቀን እንዳያልፍ አድርጉት፤ የጠዋቶቹንም ሁለት ፍሬዎች ከራስጌዎ አንስተው ሌላ ክፍል ያስቀምጧቸው።