«ሜትር» በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የግዢ ደብዳቤ እተረጉማለሁ። ዛሬ የምመልሰው ሜትርንና ቤተሰቦቹን በእንግሊዝኛ ስለ መጠቀም ብቻ ነው። ሌላ ጉዳይ ያለው ሌላ ቀን ይምጣ።

ከሐዋሳ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። «ተን ሚተር» ነው ወይስ «ተን ሚተርስ»? አንዱ አስተማሪያችን ሁለቱም ልክ ነው ይላሉ።

መምህር፦ አስተማሪህ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቦታ አይገቡም። የሚያሳስተን የራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ ቁጥር ከቀደመ መለኪያው አይበዛም፤ «አሥር ሜትሮች ቁረጥልኝ» የሚል ደንበኛ መርካቶን ቢያስሱ አይገኝም። እንግሊዝኛው ግን ኤሱን ይፈልጋል። «ገመዱ አሥር ሜትር ይረዝማል» ስትል «ዘ ሮፕ ኢዝ ተን ሚተርስ ሎንግ» ነው።

አሁን ዘዴውን ልንገርህ። በአማርኛ «ባለ» ማለት ከቻልክ፣ ማለትም «ባለ አሥር ሜትር ገመድ» ካልክ፣ እንግሊዝኛው ኤሱን አውልቆ ጭረት ያስገባል፦ «ኤ ተን-ሚተር ሮፕ»። መለኪያው እዚህ ላይ ቅጽል ሆኗል፤ የእንግሊዝኛ ቅጽል ደግሞ አይበዛም። ሦስተኛም መልክ አለው። ሱቅ ገብተህ «አሥር ሜትር ገመድ ስጠኝ» ስትል «ተን ሚተርስ ኦቭ ሮፕ» ነው፤ «ኦቭ»ን የማይረሳ ተማሪ አላጋጠመኝም። ጭረት ካለ ኤስ የለም። ጻፉት።

ይህን የተማርኩት ደግሞ ተዋርጄ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ባለ ስድስት ሜትር ቧንቧ አሥር ፍሬ ሊገዛ ፈለገ። እኔ ቸኩዬ መጀመሪያ 10፣ አጠገቡ 6፣ ከዚያ «ሚተር ፓይፕ» ብዬ ላክሁ። ሻጩ ሁለቱን አኃዞች ገጥሞ የ106 ሜትር ዋጋ ሠርቶ መለሰልን። የምንፈልገው በጠቅላላው 60 ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዛቱን በፊደል፣ ልኩን በአኃዝ እጽፋለሁ፦ «ተን 6-ሚተር ፓይፕስ»። ኤሱ ከሜትር ላይ ተነሥቶ ቧንቧው ላይ መቀመጡን አስተውሉ።

ከአዳማ፦ ኪሎሜትር ሲነበብ «ኪ» ላይ ነው የሚጠብቀው ወይስ «ሎ» ላይ?

መምህር፦ ሁለቱም መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። አሜሪካኖቹ «ሎ»ን ያጎላሉ። ቀጥሎ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ መምህር፣ እዚህ ሥራ ቦታ በኪሎሜትር ስናገር ግራ ይገባቸዋል። ምን ይሻለኛል?

መምህር፦ በማይል ይንገሯቸው። አንድ ማይል 1,609 ሜትር ገደማ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ሜትር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአር-ኢ ነው የሚያበቃው ወይስ በኢ-አር?

መምህር፦ ርዝመቱን ብሪታንያ በአር-ኢ፣ አሜሪካ በኢ-አር ትጽፈዋለች። የውሃና የመብራት ቆጣሪ ግን በሁለቱም አገር ኢ-አር ነው። አንዱን መርጠሽ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አትቀላቅዪ።

ከበቆጂ፦ እኔ ስለ ሩጫ እጽፋለሁ። የአሥር ሺሕ ሜትርን ነገር ቢያብራሩልኝ።

መምህር፦ ይህ ጥያቄ ነው! ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ «ሺ ወን ዘ ተን ታውዘንድ ሚተርስ» ይባላል፤ ከነ«ዘ»ው፣ ከነኤሱ፤ የውድድሩ ስም ነውና። «ሬስ» የሚለውን ካከልክበት ግን «ኤ ተን-ታውዘንድ-ሚተር ሬስ» ይሆናል። ጭረት ካለ ኤስ የለም። ግሡ ደግሞ ብዙዎችን ይጥላል። ርቀቱ እንደ አንድ ነገር ስለሚቆጠር «ተን ታውዘንድ ሚተርስ ኢዝ ኤ ሎንግ ዌይ» እንላለን፤ ኤሱን አይተህ «አር» እንዳትል።

ስለ ማራቶን ስትጽፍም ተጠንቀቅ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ «ነጥብ አንድ መቶ ዘጠና አምስት» እንላለን። በእንግሊዝኛ ከነጥብ በኋላ አኃዙ አንድ በአንድ ይጠራል፦ «ፎርቲ-ቱ ፖይንት ዋን ናይን ፋይቭ ኪሎሚተርስ»። ይህን ስህተት በስንት የሬዲዮ ዘገባ ሰምቻለሁ!

ከጎንደር፦ ኪሎሜትርን አሳጥሬ «ኪሎ» ብለው ይገባቸዋል?

መምህር፦ አይገባቸውም። «ፎር ኪሎስ» ስትላቸው ሥጋ ወይም ስኳር ነው የሚመጣላቸው። ሯጮች «ተን ኬ» ይላሉ፤ እሱ ይቻላል።

የሰፈር ልጅ፦ እኛ ግን አራት ኪሎ እንላለን። አራት ኪሎ ሜትር ማለት አይደለም እንዴ?

ከአምስት ኪሎ፦ ከየት ተለክቶ?

የሰፈር ልጅ፦ ከጊዮርጊስ ነዋ።

ከአምስት ኪሎ፦ ከጊዮርጊስ አራት ኪሎ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በየቀኑ በእግሬ እሄደዋለሁ።

ሌላ አባል፦ ከለገሃር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሰፈር ልጅ፦ ለገሃርንም በእግርህ ለካኸው?

መምህር፦ ልጆች፣ ክርክሩን ማኪያቶ ላይ ጨርሱት። እዚህ እንግሊዝኛ ነው።

ከመቀሌ፦ ኬ ኤም ብለን አሳጥረን ስንጽፍስ?

መምህር፦ ሁለቱም ትንንሽ ፊደል። ብዙ ቢሆንም ኤስ አይጨመርበትም፣ ነጥብም አይከተለውም፤ ከቁጥሩ ጋር አይጣበቅም። ትልቁ ኬ የኬልቪን፣ ማለትም የሙቀት መለኪያ፣ ትልቁ ኤም የሜጋ፣ ማለትም የሚሊዮን ነው። የመንገድ ሰሌዳ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ባለኝ።

ከድሬ ዳዋ፦ «ሜትር ተኩል»ስ?

መምህር፦ «ዋን ኤንድ ኤ ሃፍ ሚተርስ»፤ ከአንድ ስላለፈ ይበዛል። ግማሽ ሜትር «ሃፍ ኤ ሚተር» ነው።

ከአሶሳ፦ የሕዳሴ ግድብ ከፍታው 145 ሜትር ነው። «ቶል» ልበል?

መምህር፦ ለሰው «ቶል»፣ ለግድብና ለተራራ «ሃይ»። «ዘ ዳም ኢዝ 145 ሚተርስ ሃይ»። በ«ባለ» ከሆነ «ኤ 145-ሚተር-ሃይ ዳም»፤ ሁለት ጭረት አለው። ጭረት ካለ ኤስ የለም።

ስም የለሽ፦ መምህር፣ እንግሊዝኛ ቶሎ ለመቻል ምን ላድርግ?

መምህር፦ ይህ ስለ ሜትር ነው?

ዘግይቶ የገባ፦ ይቅርታ፣ ከላይ ያለውን አላነበብሁም። ባለ ሁለት ሜትር በር «ኤ ቱ-ሚተርስ ዶር» ይባላል አይደል?

መምህር፦ ጭረት ካለ ኤስ የለም። ዛሬ ይህን ስል አራተኛዬ ነው፤ «ባለ»ንም ራስህ ጽፈኸዋል።