«10 ሚሊዮን» ካልሽ በኋላ የመጣው ዝምታ

«በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ለገበያ ተንታኝነት ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ‹አዲስ የጌም ኮንሶል ሊወጣ ነው እንበል፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ስንት ይሸጣል?› አሉኝ። ኮንሶል ማለት ጌም የሚጫወቱበት ማሽን ነው። በሕይወቴ ጌም ተጫውቼ አላውቅም። ‹10 ሚሊዮን› አልኩ። ‹ለምን?› ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ። አሁን ለሁለተኛ ዙር ጠርተውኛል፤ ያንኑ ጥያቄ በሁለት ገጽ ሠርተሽ ነይ ተብያለሁ። ስለ ጌም ምንም የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ባይገባ አይሻልም? ግራ ገብቶኛል።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ድጋሚ ጠርተውሻል እኮ! ቁጥርሽ ያን ያህል ቢያስቃቸው ኖሮ ባልደወሉልሽ።

ደግሞ 10 ሚሊዮን ያን ያህል የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም። የኒንቴንዶ ኩባንያ ኮንሶል፣ ስዊች 2፣ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ገበያ ላይ ዋለ። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 10.36 ሚሊዮን መሸጡን ኩባንያው አስታወቀ። አራት ወር እንኳን አልሞላውም። ያው ኩባንያ ግን በኖቬምበር 2012 ዊ ዩ የተባለውን ኮንሶል አውጥቶ፣ በአራት ወር ተኩል ገደማ የሸጠው 3.45 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ኩባንያው አንድ፣ ጊዜው ተቀራራቢ፣ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ። ጠያቂዎችሽ ማወቅ የፈለጉት ይህን ልዩነት ምን እንደሚያመጣው ማሰብ ትችዪ እንደሆነ ነው። ቁጥሩማ ሰበብ ነው።

እኔም ቀጣሪ ሆኜ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀረብንለት አንድ ልጅ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰልን። «የተሸጠ ስትሉ ለመደብር የተላከ ነው ወይስ ገዢው እጅ የገባ?» አለን። ገና መልሱን ሳንሰማ በልባችን ቀጥረነው ነበር። ኩባንያዎች በሒሳብ ሪፖርታቸው የሚያወጡት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለቸርቻሪዎች ያስረከቡትን ነው። መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣውም እንደተሸጠ ይቆጠራል። ስለዚህ የጽሑፍሽ የመጀመሪያ መስመር ይህን ይለይ፤ የትኛውን እንደምትተነብዪ ተናገሪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አብዛኛው ሰው ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት «ስንት ሰው ይፈልገዋል?» ብሎ ማሰብ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሽያጩን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ፋብሪካው ነው። የሌለ ዕቃ አይሸጥም።

የሶኒን ኮንሶል፣ ፕሌይስቴሽን 3ን ውሰጂ። በኖቬምበር 2006 ሲወጣ ብሉ ሬይ ዲስክ የሚያነብ ማሽን ነበር። ለዚያ ደግሞ ሰማያዊ ሌዘር የምታመነጭ አንዲት ትንሽ ዕቃ ታስፈልጋለች፤ ሌዘር ዳዮድ ትባላለች። እሷ በበቂ መጠን አልተመረተችም። በዚህ የተነሳ ሶኒ የአውሮፓውን ሽያጭ ወደ ማርች 2007 አራዘመ። ለመጀመሪያው ቀን የመደበውም ለጃፓን 100,000፣ ለሰሜን አሜሪካ 400,000 ብቻ ነበር። እስቲ አስቢው፤ አንድ ተንታኝ አውሮፓ ውስጥ መቶ ሺህ ወጣት አነጋግሮ «ለገና ትገዛለህ?» ቢል፣ ሁሉም «አዎ» ቢሉት፣ ትንበያው ገደል ይገባ ነበር። የዳዮዷን ነገር የጠየቀ ሰው ግን ማንንም ሳያነጋግር ይቀርብ ነበር።

የኤክስቦክስ 360ም ነገር ያው ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ኮንሶሉን እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ሲያወጣ በ90 ቀናት ውስጥ ከ2.75 እስከ 3 ሚሊዮን እንደሚሸጥ ገምቶ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ላይ ነበር። ፈላጊ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ፤ ዕቃው ነው የጠፋው።

የዊ ዩ ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እኔ እንደውም ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። ኒንቴንዶ እስከ ማርች 2013 ድረስ 5.5 ሚሊዮን ጠብቆ ነበር፤ በጃንዋሪ ወደ 4 ሚሊዮን ዝቅ አደረገው፤ እሱም አልተሳካም። የሚገርመው ግን አካሄዱ ነው። ከ3.45 ሚሊዮኑ ውስጥ 3.06 ሚሊዮኑ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የተላከ ነው። በቀሩት ሦስት ወራት የተጨመረው 390 ሺህ ገደማ ብቻ! በገና ሰሞን ያየው ሰው «ተሳክቷል» ብሎ ይፈርም ነበር። ወረፋ የሚይዙት ወዳጆቹ ገዝተው ሲጨርሱ ከኋላቸው የሚከተል ሰው አልነበረም። ወረቀትሽ ላይ አራቱን ወራት አንድ ላይ አትጠቅልያቸው። በየወሩ ለያይተሽ አስቀምጪ፣ የበዓል ሰሞኑ የት ላይ እንደሚያርፍም አሳዪ።

ፍላጎትን የሚያሳይ ምልክትም አለ፤ ቅድመ ትዕዛዝ አንዱ ነው። ለስዊች 2 በጃፓን በኒንቴንዶ የራሱ የኦንላይን መደብር ብቻ 2.2 ሚሊዮን ሰው የመግዣ ዕጣ ለማግኘት አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ዕቃውን ቀድሞ አከማችቶ ስለነበር በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ፍላጎትና አቅርቦት ሲገጣጠሙ እንዲህ ነው። በዊ ዩ ጊዜ ዕቃው ኖሮ ሰው ጠፋ፤ በኤክስቦክስ 360 ጊዜ ሰው ኖሮ ዕቃ ጠፋ።

ስለዚህ ሁለት ገጽሽን እንዲህ ብትሠሪው ደስ ይለኛል። በአቅርቦት በኩል ጣሪያውን አስቀምጪ፤ ፋብሪካው በወር ስንት ያመርታል ብለሽ ግምትሽን ከነምክንያቱ ጻፊ። በፍላጎት በኩል ደግሞ የቀድሞውን ሞዴል ስንት ሰው እንደገዛ፣ ዋጋውን፣ በመጀመሪያው ቀን አብረው የሚወጡትን ጌሞች ተመልከቺ። ከሁለቱ የሚያንሰው ነው የሚሸጠው። በቃ። ከዚያ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብለሽ ክልል ስጪ፣ ግን «አንዱን ምረጪ» ቢሉሽ የምትይውን አዘጋጅተሽ ግቢ። ክልል ብቻ ሰጥቶ የሚሸሽ ሰው ቀጣሪን ያናድዳል፤ እኔን ያናድደኛል።

ከታች ደግሞ ሐሳብሽን የሚያስቀይርሽ ምን እንደሆነ ጨምሪ። ዋጋ መቀነስ ሊሆን ይችላል። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 3ዲኤስ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን በ249.99 ዶላር አውጥቶ ሽያጩ ሲቀዘቅዝበት፣ በወራት ውስጥ ወደ 169.99 አወረደው። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ። ማሽኑ በኋላ ከ75 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የመጀመሪያ ወራት ትንበያ ስለ ማሽኑ ሙሉ ዕድሜ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው ይህን የማነሳው፤ ጠያቂ ሆን ብሎ ሊያምታታሽ ይችላል።

ጌም አለማወቅሽን በተመለከተ ብዙ አልጨነቅልሽም። የጌም ፍቅር ያለው ተንታኝ «እኔ እገዛዋለሁ» የሚለውን ከገበያው ጋር ያምታታል። አንቺ ያ ችግር የለብሽም። ባይሆን አንድ ሳምንት ስጪው፤ ሁለት ሦስት ገዢዎችን ፈልገሽ «ምን ቀን ገዛህ? ለምን ያን ቀን?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ ሥራ ነገ መድኃኒት ወይም የመኪና መለዋወጫ ስንት ይፈለጋል ወደሚል ጥያቄ ሊወስድሽ ይችላል፤ የምትጠይቂው ግን ያንኑ ነው።

ወረቀቱ ላይ ቀን ጻፊበት፣ ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱን ለእነሱ ስጪ፣ አንዱ ከፊትሽ ይሁን። «ጌም ትጫወቻለሽ?» ካሉሽ አልጫወትም በያቸው። ከዚያ የዳዮዷን ታሪክ ንገሪያቸው።