መጽሐፉን ከኋላው ገልጡት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ሥራ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚያድጉ የሀገሬ ልጆች የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ስለ ባርነት የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» እያሉ ነበር። የርዕስ ዝርዝር ብሰጣችሁ ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ እኔ ራሴ የምመርጥበትን መንገድ ልንገራችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፍ ስታነሡ መጀመሪያ የኋላ ገጾቹን ተመልከቱ። ጸሐፊው የማንን ወረቀት አገላበጠ? በአሜሪካ ባርነት ጉዳይ ይህ ጥያቄ በጣም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ባሪያ አሳዳሪዎቹ መዝገብ ያዦች ነበሩ። ስንት ጥጥ እንደተለቀመ፣ ማን በስንት ዶላር እንደተሸጠ ጽፈው አኑረዋል። በበርካታ የደቡብ ግዛቶች ደግሞ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ ያስቀጣ ነበር። ኡልሪክ ፊሊፕስ የተባለው የታሪክ ምሁር በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ ባርነትን ደግ ሞግዚትነት አስመስሎ አቀረበው፤ መጽሐፉም ለብዙ ዓመታት ተከብሮ ኖረ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ የእርሻ መዛግብቱን በትጋት መርምሯል። ነገር ግን በአንድ ወገን ምስክር ፈረደ፤ ለጥቁሮች የነበረው ንቀትም ሌላውን ወገን እንዳይጠይቅ አድርጎታል።

እናንተ ባርነትን በገላቸው ከቀመሱት ሰዎች ጀምሩ። ፍሬድሪክ ዳግላስ የሕይወት ታሪኩን በ1845፣ በ1855 እና በ1881 ሦስት ጊዜ ጽፏል። ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ አጭሩን፣ የመጀመሪያውን ነው። በእርሱ ውስጥ ከባልቲሞር እንዴት እንዳመለጠ አይናገርም፤ የረዱትን ሰዎች ላለማጋለጥና ከኋላው ለሚመጡት መንገዱን ላለመዝጋት ሆን ብሎ ትቶታል። ባርነት ከተሻረ በኋላ በወጣው በሦስተኛው መጽሐፍ ግን ሁሉን ይዘረዝረዋል። በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የአንድ ነጻ ጥቁር መርከበኛ ወረቀት ተውሶ ባቡር ተሳፈረ። በወረቀቱ ላይ የተገለጸው ሰው ከእርሱ ይልቅ በጣም የጠቆረ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን በራስጌው የታተመውን የአሜሪካ ንስር አየት አድርጎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ አለፈ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አንብቧቸው፤ ጸሐፊ ዝም ያለበትን ቦታ ማስተዋል የምትለምዱት እንዲህ ነው።

በ1936 እና በ1938 መካከል መንግሥት ሰዎች ልኮ፣ በልጅነታቸው ባሪያ የነበሩ ከ2,300 በላይ አዛውንትን ቃል አስጽፏል። ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ፤ የዘር መድልዎ ሕጉም ገና አልተነሣም። የእኛም አገር ሽማግሌ ወረቀት የያዘ የመንግሥት ሰው በደጃፉ ሲቆም «ሁሉ ደህና ነው» ማለትን ያውቅበታል። «ጌታዬ ደግ ነበር» የሚል ቃል ስታገኙ ማን ፊት እንደተነገረ አስቡ።

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት «ስለ ግዛቶች መብት» ብቻ ነበር የሚል መጽሐፍ ከገጠማችሁ ብዙ አትከራከሩ። የደቡቧ ግዛት ሚሲሲፒ በ1861 ስትገነጠል ያወጣችውን መግለጫ አንብቡ፤ አቋሟ ከባርነት ጋር ፈጽሞ የተቆራኘ መሆኑን ገና በመግቢያው ትናገራለች። በ1865 ነጻነት ታወጀ ብሎ የሚዘጋ መጽሐፍም አይበቃችሁም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ የጥቁር አሜሪካዊውን ምሁር የዱቦይስን የ1935 ሥራ፣ እርሱ ቢከብዳችሁ የታሪክ ምሁሩን የኤሪክ ፎነርን የ1988 መጽሐፍ ያዙ።

«ይህ የእነርሱ ታሪክ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚል ወላጅ ብዙ አጋጥሞኛል። በእኛው ሀገር ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ስለዚያ የተጻፈውንም በዚሁ ዓይን መርምሩት፤ የሚቀለው የሌላውን ቤት መመርመር ነውና።

የሐሪየት ጄኮብስን የ1861 መጽሐፍ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት በምክንያት ነው። ጌታዋን ሸሽታ በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ቆሞ መንቀሳቀስ በማይቻልበት ጠባብ ቦታ ሰባት ዓመት ያህል ተደበቀች፤ ልጆቿን በቀዳዳ እያየች። በብዕር ስም ስላሳተመችው ብዙ ምሁራን ልብ ወለድ ነው ሲሉ ቆዩ፤ የእርሷ እውነተኛ ታሪክ መሆኑ በደብዳቤዎቿና በመዛግብት የተረጋገጠው በ1980ዎቹ ነው። ጌታዋ በሴትነቷ ያደረሰባትን ማሳደድ ስለምትተርክ ለታናናሾቻችሁ ከመስጠታችሁ በፊት እናንተ አንብቡት፤ ከዚያም አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው።