«አልወዳደርም» ያለውን ሰውዬ ማን ያምነዋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ከሥራ ስንወጣ አራት ኪሎ አካባቢ ማኪያቶ የምንጠጣ ጓደኛሞች ነን። ሰሞኑን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወሬያችን የአሜሪካ ምርጫ ሆነ። አንዳችን «እዚያ አገር እኮ ማሸነፍ የሚችል ሰው ሁሉ አልወዳደርም ይላል፣ ለቤተሰቤ ስል ነው ይላል» ቢለን ሳቅን። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባልን ነዋ ያደግነው። አንዱ «የተደበቀ ጉድ ስላለበት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሌላው «ብር አጥቶ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ቤተሰብ የሚለውን ላምን ምንም አልቀረኝም። የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል ተባብለናል፣ ፍረደን። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የክትፎውን ጣጣ እኔ ላይ ጣላችሁት ማለት ነው። እሺ፣ «ጉድ ስላለበት ነው» ያለው ጓደኛህ ይክፈል። ጉድ ያለበት ፖለቲከኛ የለም አላልኩም፣ ሞልቷል። ግን እነዚህ ሰዎች የተዉበትን ምክንያት ለማግኘት ጓዳቸውን መበርበር አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነው። ሰውዬው በመግለጫው ያለውን ለጊዜው ተወውና መቼ እንዳለው እይ። ቀኑ ብዙ ያወራል።

እ.ኤ.አ. 1991ን እንውሰድ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት እንዳለቀ የትልቁ ጆርጅ ቡሽ ተቀባይነት 90 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያ ወቅት ከእሱ ጋር መወዳደር ማለት ራስን ለሽንፈት ማጨት ነው። ስለዚህ የዴሞክራቶቹ ትልልቅ ስሞች አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ። የምክር ቤት አባሉ ሪቻርድ ጌፋርት ተወው። የቴኔሲው ሴናተር አል ጎርም በነሐሴ አካባቢ ተወው፣ ምክንያቱም ቤተሰብ ነበር። እዚህ ላይ «ውሸታም» ለማለት አትቸኩል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ትንሹ ልጁ ከቤዝቦል ጨዋታ ሲወጡ መኪና ገጭቶት ለጥቂት ነው የተረፈው። አባት የሆነ ሰው ይኼን ሰበብ ብሎ አያልፈውም። ግን የቡሽ 90 በመቶም እውነት ነበር። ሁለቱ ተደጋግፈው ነው የሚቆሙት፣ የትኛው ምሰሶ የትኛው ማገር እንደሆነ ጎርም ራሱ ለይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ምክትል ፕሬዝዳንት ልሁን ብሎ በቅስቀሳ አውቶቡስ አገር ለአገር ሲዞር ነበር። ፊት ለፊት የወጣው ማን ነው? ትንሿን አርካንሶን የሚያስተዳድረው ቢል ክሊንተን። ትልልቆቹ ባይሸሹ ኖሮ ያን መንገድ እንዲያ ክፍት ሆኖ ያገኘው ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

በዚያው ዓመት የሆነች አንዲት ትዕይንት ደግሞ አለች፣ እሷን ሳልነግርህ አላልፍም። የኒውዮርኩ ገዥ ማሪዮ ኩሞ ንግግሩ ሰው የሚያስለቅስ፣ ሁሉም «ይግባ ይግባ» የሚለው ሰው ነበር። ወራቱን ሁሉ ይገባል አይገባም ሲባል ከርሞ ዲሴምበር 20 ደረሰ። ዕጩዎች በፓርቲያቸው ውስጥ መጀመሪያ በሚፈተኑባት በኒውሃምፕሻየር ግዛት ለመመዝገብ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ክፍያው 1,000 ዶላር ብቻ ነው። በኒውዮርክ ዋና ከተማ በአልባኒ አውሮፕላን ማረፊያ ወደዚያ የሚወስደው አውሮፕላን ቆሞ ይጠብቃል፣ ጋዜጠኛው በሙሉ ዓይኑን እሱ ላይ ተክሏል። መመዝገቢያው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ኩሞ ብቅ አለና የግዛቱ በጀት ከሪፐብሊካኖች ጋር ስላላለቀ ጥዬ አልሄድም አለ። አውሮፕላኑ እንደቆመ ቀረ። በጀቱ የእውነት ችግር ነበር፣ አልክድም። ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የጠበቀ ሰው በጀት ብቻ አልነበረም የሚያሰላው። መፈለግና ደፍሮ መግባት ይለያያሉ፤ ኩሞ የሚፈልግ ግን የማይገባ ዓይነት ሰው ነበር ባይ ነኝ።

ሥልጣን ላይ ያለስ ይተዋል? ይተዋል። ሊንደን ጆንሰን በ1964 ተቃዋሚውን ጠራርጎ ያሸነፈ ፕሬዝዳንት ነበር። የቬትናም ጦርነት ግን አናቱ ላይ ወጣበት። ማርች 12፣ 1968 በኒውሃምፕሻየር የገዛ ፓርቲው ሰው ዩጂን ማካርቲ 42 በመቶ አገኘ፣ ጆንሰን 49። አሸንፏል እኮ! ግን ፕሬዝዳንት ሆኖ በገዛ ቤቱ እንዲህ ማሸነፍ ውርደት ነው። በአራተኛው ቀን ሮበርት ኬኔዲ ገባ። በዚያው ወር በ31ኛው ቀን ምሽት ጆንሰን በቴሌቪዥን ስለ ቬትናም ረጅም ንግግር አደረገና፣ ሕዝቡ ሊያልቅ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ መጨረሻዋ ላይ የፓርቲዬን ዕጩነት አልፈልግም፣ ቢሰጡኝም አልቀበልም አለ። አገር ጉድ አለ። እዚህም ቀኑን አየኸው? ነገር ግን ልቡም ታማሚ ነበር፣ በ1955 ከባድ የልብ ድካም መትቶታል። ቢወዳደርና ቢያሸንፍ ኖሮ ዘመኑ የሚያልቀው ጃንዋሪ 20፣ 1973 ነበር። የሞተው በ22 ነው። በሁለት ቀን ልዩነት። ይኼን ሳነብ «ሰውዬው ዝም ብሎ ሸሸ» ማለት ከበደኝ።

አሁን ወደ አንተ ወደ ቤተሰቡ ወገን ልምጣ። ጄኔራል ኮሊን ፓወል በ1995 በሕዝብ አስተያየት ቢል ክሊንተንን የሚበልጥባቸው ጊዜያት ነበሩ፣ ያውም ፓርቲ ሳይኖረው። ባለቤቱ አልማ ግን ይገድሉብኛል ብላ ፈራች። ለመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዝዳንት ይኼ የፈጠራ ስጋት አይደለም። ኖቬምበር 8 ቀን ወጥቶ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ፍላጎት ውስጤ የለም ብሎ ተወው። ይኼ የቤተሰብ ምክንያት በደንብ የሚታመን ነው፤ ማሸነፍ በሚችልበት ሰዓት ስለተወው።

ጆ ባይደንን ደግሞ ጨምርበት። ልጁ ቦ በ46 ዓመቱ በአንጎል ካንሰር ሞተ፣ ሜይ 2015 ነው። ባይደን ሐዘን ላይ ሆኖ እስከ ኦክቶበር አወጣ አወረደ፣ ከዚያ 21ኛው ቀን ላይ ከባለቤቱና ከኦባማ ጋር ቆሞ አልገባም አለ። ሐዘኑን ተናገረ፣ ግን በግልጽ የጠቀሰው ሌላም ነገር ነበር፤ ተጨባጭ ዘመቻ ለማድረግ የሚበቃው ጊዜ አልፏል አለ። ጊዜ ሲል ብርንም ይጨምራል። ሂላሪ ክሊንተን ከኤፕሪል ጀምራ ለጋሾቹንም ሠራተኞቹንም ሰብስባ ጨርሳለች። አሜሪካ ውስጥ አንድ ግለሰብ ለአንድ ዕጩ የሚሰጠው ገንዘብ ጣሪያ አለው፣ በዚያ ምርጫ 2,700 ዶላር ነበር። ስለዚህ ዕጩው ሌት ተቀን ስልክ ይዞ የሚለምነው እልፍ ሰው ያስፈልገዋል፤ ዘግይቶ የገባ ሰው ሲደውል «ለእሷ ሰጥቻለሁ» ይባላል። «ብር አጥቶ ነው» ያለው ጓደኛህ ስለዚህ ከክትፎው ነፃ ነው፣ ቢያንስ ለስላሳውን ይክፈል።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ አልወዳደርም ያለ ሰው ቃሉ ይታመናል? ባለቤቴ የዕድራችን ዳኛ ነው። በየዓመቱ «ዘንድሮ በቃኝ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላል፣ በየዓመቱ ይመረጣል። ካዛንቺስ ፈርሶ ግማሹ አባል ገላን ጉራ ከገባ በኋላ እንኳን አልለቀቀም። (ካዛንቺስ ከቀሩት አንዷ)

መልስ፦ እህቴ፣ የባለቤትሽን ነገር ለመፍረድ የዕድሩ መዝገብና ማኅተም የት እንዳለ እይ። አሁንም እናንተ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ «በቃኝ» ያለው «ለምኑኝ» ማለቱ ነው።

ፖለቲከኛም እንደዚያው ነው። ምርጫው ሁለት ዓመት ሲቀረው የተባለ «አልወዳደርም» ብዙ ዋጋ የለውም። ኦባማ በጃንዋሪ 2006 በቴሌቪዥን ተጠይቆ በ2008 አልወዳደርም ብሎ ነበር። በፌብሩዋሪ 2007 ደግሞ ቅዝቃዜው ውስጥ ቆሞ ዕጩነቱን አወጀ። «ቃልህን አጠፍክ» ብሎ የሰደበው ሰው እንኳን አላስታውስም። የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ግን እመኚው፣ ቢፈልግም አይችልማ።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ዋናው ጥያቄ ሕገ መንግሥቱ በቃህ ያለው ሰውዬ ይሰማል ወይ የሚለው ነው። የሴኔጋሉ ማኪ ሳል በ2012 እና በ2019 ተመርጦ ነበር። ደጋፊዎቹ ሕገ መንግሥቱ በ2016 ስለተሻሻለ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል ይሉ ነበር። በጁን 2023 አገሩ በረብሻ ተናጠ፣ ሰው ሞተ። ከዚያ ጁላይ 3 ላይ ሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም አለ። ቃሉን ጠበቀ ወይ ካልሽኝ አልተወዳደረም። ግን ለፌብሩዋሪ 2024 የተቆረጠውን ምርጫ አራዘመው፣ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገበት፣ በመጨረሻ ማርች 24 ተካሄደና ተቃዋሚው ባሲሩ ዲዮማይ ፋይ አሸነፈ። በሩን አሳይተውት እንኳ እጀታውን ይዞ ትንሽ ቆየ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። እኛ አገር ለፕሬዝዳንትነት መወዳደር ብፈልግስ? ፖለቲከኞቻችን ሲሯሯጡበት አላይም። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ የማይሯሯጡበት ምክንያት አለው፣ ውድድር የለበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ የሚመርጡት ደግሞ እሱና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ዘመኑ ስድስት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ፖስተር የለም፣ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ የለም። አራት ኪሎ ሰዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ስምህ ይጠራል፣ ያበቃል። አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴም መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሾሙት በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ አንተ የፓርላማ አባል የሆንክ ሥልጣን ወዳድ ፖለቲከኛ ነህ እንበል። ፕሬዝዳንት ሁን ብትባል ምን ታደርጋለህ? የአስፈጻሚነቱ ሥልጣን ያለው ከጠቅላይ ሚኒስትሩና ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ዘንድ ነው። ፕሬዝዳንት ስትሆን የምክር ቤት ወንበርህን ትለቃለህ። አምባሳደር ትቀበላለህ፣ ዓመታዊውን የመክፈቻ ንግግር ታነባለህ፣ ይቅርታ ትሰጣለህ። ክብሩ ትልቅ ነው፣ መሪው ግን እጅህ ላይ የለም።

ከወረድክ በኋላም ጣጣ አለው። የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳን ታሪክ አስታውስ። በእኛ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 1994 ፕሬዝዳንት ነበሩ፣ መጨረሻ ላይ ከፓርቲያቸው ጋር ተጣሉ። ሊወርዱ ሲሉ አዋጅ ቁጥር 255/1994 ወጣ፤ በወገንተኛ ፖለቲካ የተሳተፈ የቀድሞ ፕሬዝዳንት ጥቅማ ጥቅሙን ያጣል የሚል። እሳቸው በ1997 ምርጫ በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። ጥቅማ ጥቅሙ ተቋረጠባቸው። ይኼን ያየ ፖለቲከኛ ገና ትኩስ እያለ ለዚያ ወንበር የሚጓጓ አይመስለኝም፤ ለዚህም ይሆናል ብዙ ጊዜ በዲፕሎማሲ የቆዩ ሰዎች የምናየው።

አንተ ግን ቅስቀሳው፣ ፖስተሩ፣ ግርግሩ ከሆነ የናፈቀህ ለፓርላማ ተወዳደር። 21 ዓመት ከሞላህ በዕድሜ በኩል የሚከለክልህ የለም።